እርጥበት የበላው ጉንጭ

ቅናትን ከሩቅ አውቀዋለሁ። ዘመዴን በአረማመዱ እንደምለየው ነው የምለየው። ስለዚህ ሐኪሟ ያን ቀን ጠዋት ክፍላችን ገብታ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ፣ ሻይ ልቅዳልሽ ወይ ስላት "ይቅርብኝ" ስትለኝ፣ ምን እንደያዛት ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ሐኪሟ የምንላት ለቀልድ ነው። ፊልም በምንሠራበት ግቢ ውስጥ ቁስል የምትሠራው እሷ ነች። ሌላው ሐኪም የታመመ ያድናል፤ የእኛዋ ጤነኛ ሰው ተቀብላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ለመቃብር ታደርሰዋለች። የተቃጠለ ፊት፣ የተሰበረ አፍንጫ፣ በጥይት የተበሳ ደረት፣ የምትፈልጉትን ንገሯትና ቁጭ በሉ። እኔ ከጎኗ ባለው ጠረጴዛ ዊግ እሠራለሁ። መላጣ ነኝ። መላጣ ዊግ ሠሪ ሲባል ሳይስቅ ያለፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እናንተም ሳቁና ወጋችንን እንቀጥል።

ወደዚህ ሥራ የመጣችው ከኬክ ቤት ነው። አባቷ ሲሞቱ አስራ ስምንት ዓመቷ ነበር። የታላቅነት ነገር ሆኖባት ትምህርቷን አቋረጠችና ኬክ ቤት ገብታ ሦስት ዓመት ሙሉ የክሬም ጽጌረዳ ስትሠራ ቆየች። የድሮው የሜካፕ ኃላፊያችን ለልጁ ልደት የገዛውን ኬክ ከፍቶ ጽጌረዳዎቹን ሲያይ፣ ኬኩን ሳይቆርስ ተመልሶ ሄደና ይህን የሠራችውን አሳዩኝ አለ። በማግስቱ ጄላቲን በግሊሰሪን እንዴት እንደሚቀልጥ፣ ቀለም እንዴት ጠብ እንደሚደረግበት፣ ቆዳ ላይ በቀጭን ማንኪያ ተዘርግቶ ጠርዙ እንዴት እንደሚሳሳ ያሳያት ጀመር። አንድ ወር አልፈጀባትም። "ያው ጽጌረዳ ነው ጋሼ፤ ቀለሙ ነው የተለየው" ትለኝ ነበር። ይህ ከሆነ አስራ ሁለት ዓመት አለፈ።

የምትኖረው ከእናቷና ከእህቷ ጋር ነው። ቤታቸው ከአንድ ቁልፍ ቀራጭ ሱቅ በላይ ያለ ሁለት ክፍል ሲሆን፣ ደረጃው እንደ እኔ ሆድ ያለው ሰው በጎኑ ካልወጣ የማያሳልፍ ነው። እህቷ በስምንት ዓመት ታንሳታለች። ስትወለድ ትንሿ አሏት፤ ሃያ አምስት ዓመት ሞልቷትም ከትንሿ ፈቀቅ አላለችም። ጨርቃ ጨርቅ መደብር ውስጥ ትሠራለች። ቆንጆ ናት። ይህን የምለው እንደ ሽማግሌ ነው፤ ሰው መንገድ ላይ ዞሮ የሚያያት፣ ዞሮ ሲያያትም የማይታወቃት ዓይነት ቆንጆ ናት። ሐኪሟ ደግሞ መልከ ጥፉ አይደለችም፤ ግን ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ሰላምታው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይፈሳል። ፌርማታ ላይ የቆሙ ጎረምሶች ለእህትሽ ይህን ንገሪልን እያሉ መልእክት የሚያሸክሟት እሷን ነው።

እናትየዋን እኔም እንደ ልጆቹ እማማ እላቸዋለሁ። እሁድ እሁድ ምሳ ይጠሩኛል። ሐኪሟ ከሥራ ስትገባ እማማ እጆቿን ይይዙና ገልብጠው ያዩዋቸዋል፤ ሙጫ ነክቶት የተላጠውን ጣት ያሻሹታል፣ ደከመሽ ወይ ይላሉ። ትንሿ ስትገባ ግን ምንም አይሉም። ዝም ብለው ያዩዋታል። ድስቱ እሳት ላይ መሆኑን እስኪረሱ ያዩዋታል። አንድ እሁድ ወጡ አርሮ ሁላችንም ስንስቅ ሐኪሟ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ለእኔ እጄን ነው የምታይልኝ። ፊት እንዳለኝም ትዝ የሚላት አይመስለኝም" አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

የሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ ብቻ ተሰቅሏል። አባትየው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ሐኪሟ በአስራ አንድ ዓመቷ ጎናቸው ቆማለች፣ እማማ የሦስት ዓመቷን ትንሿን ታቅፈዋል። የትንሿ ፊት ግን ግማሹ የለም። ከግራ ዓይኗ ሥር ጀምሮ እስከ መንጋጋዋ ድረስ ነጭ ሆኗል። እንግዳ ሰው ፎቶውን ቀና ብሎ ካየ፣ ሳይጠየቁ እማማ "እርጥበት በላው" ይላሉ። የዚያ ቤት ግድግዳ ፀሐይ ሲያየው ነው የሚውለው፤ ግን ፎቶ ከቤት ቤት ይዞራል፣ ዕቃ ሲጓዝ ይነካል ብዬ ነገሬ አላልኩትም።

አሁን ወደ ፊልሙ። ዘመኑ ድሮ ነው፤ ቸነፈር ከየት እንደሚመጣ ሰው በማያውቅበት ጊዜ። በግንብ የታጠረ መንደር አለ። መጀመሪያ የምትታመመው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ ናት። መንደርተኛው ፈርቶ ከነነፍሷ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ይዘጋባትና በሩን በድንጋይ ይገነባል። ከዚያ በየምሽቱ ከውስጥ በር ይንኳኳል፤ ያንን ማንኳኳት የሰማ ሁሉ በሦስተኛው ቀን ያብጣል። ዳይሬክተሩ ይህችን የወፍጮ ቤት ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ፈልጎ አጥቷል። የምትናገረው ነገር የላትም፤ ፊቷ ብቻ ነው የሚፈለገው። አንድ ቀን ሐኪሟ መነጽሯን ቤት ረስታ ትንሿ ልትሰጣት መጣች። ዳይሬክተሩ ኮሪደሩ ላይ አያት። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሐኪሟን ያበገናት የእህቷ መመረጥ አይደለም፤ ያኔ ቁጭ ብላ የነገረችኝን ነው የምነግራችሁ። ዳይሬክተሩ ከእሷ ጋር አምስት ፊልም ሠርቷል፣ ሲጠራት ግን "ሜካፕ" ነው የሚላት። የእህቷን ስም ግን ገና እጇን ሳይጨብጥ ጠየቀ። ይህ አንድ። ሁለተኛው የባሰ ነው። እማማ ልጃቸው አስራ ሁለት ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን ፊልም ቤት ገብተው አያውቁም፤ ቁስል ማየት አልችልም ይሉ ነበር። ትንሿ ተመረጠች ሲባሉ ግን ከቁልፍ ቀራጩ ጀምሮ ለሰፈሩ ሁሉ ነገሩ፣ ቀሚስ አወጡ፣ መቼ ነው የሚታየው እያሉ በየቀኑ ይጠይቁ ጀመር። ሐኪሟ ይህን ስትነግረኝ ብሩሿን በጣቶቿ መሃል ለሁለት ሰበረችው። የተሰበረውን አየችና በዝግታ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።

ፊልም ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ አይቀረጽም። ዝናቡ ሳይመጣና በመጨረሻ የምትቀበርበት ጉድጓድ ውሃ ሳይሞላ ይለቅ ተብሎ፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ የተያዘው የልጅቷ ሞት ነበር። ትእዛዙ መስታወታችን ላይ ተለጥፏል፣ እኔም አንብቤዋለሁ፦ ሦስት እባጭ፣ አንድ አንገት ላይ፣ ሁለት ክንድ ላይ፤ ፊት ንጹሕ። ዳይሬክተሩ የፈለገው እስክትሞት ድረስ ፊቷ እንዲያምር ነው፤ እንዳማረች እንድታስፈራ።

ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱ ገቡ። ትንሿ አንገቷ ላይ የእማማን ሻርፕ ጠምጥማለች። እማማ ተነስተው ሻይ አፍልተው፣ ሻርፑን በእጃቸው አልብሰው፣ እስከ ፌርማታው ክንዷን ይዘው ሸኝተዋታል። ሐኪሟ አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ሰዓት ብቻዋን ደረጃውን ስትወርድ በር የከፈተላት የለም። ይህን የነገረችኝ ሻርፑን ከእህቷ አንገት እየፈታች ነው። በሁለት ጣቷ ብቻ ይዛ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።

ትንሿ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት። ሐኪሟ የአንገቱን ሠራች፣ የክንዱን ሁለቱን ሠራች። ቆንጆ አድርጋ ነው የሠራችው። ሥራው አለቀ። ከዚያ እጇን አጣጥፋ የተኛችውን እህቷን ፊት ስታይ ቆየች፤ ምናልባት አምስት ደቂቃ። ከዚያ ጄላቲኑን መልሳ ምድጃው ላይ ጣደችው። ወረቀቱን በጣቴ አሳየኋት።

"ጋሼ፣ አንተ ዊግህን አበጥር" አለችኝ።

አበጠርኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ እዚህ ደርሼ መዋሸት አልፈልግም። ለዚያች ልጅ የሠራሁት ዊግ አርባ ቀን ፈጅቶብኛል፤ አንድ አንዱን ጸጉር በመርፌ እየቋጠርኩ። ዳይሬክተሩ አየውና ጥሩ ነው፣ ግን የዚያን ዘመን ሴቶች ራሳቸውን ይሸፍናሉ ብሎ የጨርቅ ቆብ ደፋበት። አርባ ቀኔ ጨርቅ ሥር ገባ። እና ያ ፊት ብቻውን እንዳያምር ስትሠራበት ሳይ፣ ከሆዴ ጥግ አንድ ነገር ደስ አለው።

አስራ አንድ ቁስል ሠራችባት። ግንባሯ ላይ፣ አፍንጫዋ አጠገብ፣ ከንፈሯ ጠርዝ ላይ። ትልቁ ከግራ ዓይኗ ሥር ይነሳና እስከ መንጋጋዋ ይወርዳል፤ መሃሉ የጠቆረ፣ ዳሩ ያበጠ፣ ሊፈነዳ የደረሰ። የምሠራውን ትቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ነገር ሠርታ አታውቅም። ትንሿ ስትነቃ መስታወቱን ረጅም ጊዜ አየችው። ፊቷ ላይ የራሷ የሆነ ነገር የቀረው ዓይኗ ብቻ ነበር። "ጎበዝ ነሽ" አለቻት እህቷን።

ዳይሬክተሩ ሲያያት ጉድ ፈላ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ጠጋ አለ። ዞሯት። ከዚያ ካሜራውን አቅርቡት፣ ገና፣ ገና አቅርቡት አለ። ተቀርጾ ሲያበቃ የሜካፗን ሴትዮ ጥሩልኝ ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ስሟን ጠየቃት፤ እጇንም ሳመ። ወደ ክፍላችን ስትመለስ ጉንጮቿ ቀልተው ነበር። ዘፈን ቢጤ እያንጎራጎረች ማንኪያዎቿን አጠበች። የፈለገችውን ሁሉ በአንድ ጠዋት አገኘች።

የረሳችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አስራ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው የማይረሳውን። ትዕይንት ከትዕይንት መመሳሰሉን የምትቆጣጠር አንዲት ልጅ አለችን፤ አመሳካሪዋ እንላታለን። ያን ፊት ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አነሳችና፣ ልጅቷ ወፍጮ ቤት ውስጥ የምትታይበት ቀረጻ አስራ ስምንት ቀን ስለሆነ ከነገ ጀምሮ በዚሁ ልክ ትሠሪያለሽ፣ በማንኪያ ጫፍ እንኳ እንዳይዛነፍ አለቻት። ሐኪሟ ስስ ፕላስቲክ እህቷ ፊት ላይ አልብሳ የእያንዳንዱን ቁስል ቦታ ቀደደችበት። ከዚያ በየማለዳው ፕላስቲኩን ታለብሳለች፣ በቀዳዳው ምልክት ታደርጋለች፣ ሦስት ሰዓት ትሠራለች። ብው ያለው ንዴቷ በሁለት ቀን ውስጥ ቀዘቀዘ። ቁስሉ ግን ገና አስራ ስድስት ቀን ይቀረው ነበር።

ቅናቷ ቀዘቀዘ አላልኩም። ትንሿ ከንፈሯ ስለማይላወስ በቀጭን ቱቦ ነበር የምትጠጣው፤ መንደርተኛ ሆነው የሚሠሩት ሁሉ ጭማቂ ይዘው ይሽቀዳደሙላት ነበር። ያ ሁሉ ቁስል ፊቷ ላይ እያለ እንኳ። ሐኪሟ ይህን እያየች "ጋሼ፣ ምን ልሥራባት እንግዲህ?" አለችኝ። ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ የመጀመሪያ ቀን ሳቋ ግን አልነበረም።

በአስራ አንደኛው ቀን ማታ ትልቁን ቁስል ከጉንጯ ስትልጥ ከሥሩ ሌላ ቁስል ወጣ። ሙጫው ቆዳዋን በልቶት ቀልቶ ተጎርብጧል፣ ጠርዙም ውሃ ቋጥሯል። ለካ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ያሳክካት ነበር። ሐኪሟ እጇን አንስታ ቆመች።

"ለምንድነው ያልነገርሽኝ?"

"ብነግርሽ ሌላ ሰው ይሥራት ይላሉ።"

"ይላሉ እንጂ። ቢሠራሽስ?"

"አልፈልግም" አለች ትንሿ። "ሦስት ሰዓት ሙሉ ፊቴን የምታዪኝ አሁን ነው። ከድሮ ጀምሮ እኔ ስናገር አንቺ የምታዪው ሌላ ቦታ ነው። ደግሞ እማማ እጅሽን ይዛ ስታወራሽ እንዴት እንደምቀና አታውቂም። የእኔን ምኔን ትይዛለች? ፊት አይያዝም።"

እኔ ክፍሉ ውስጥ መኖሬን ሁለቱም ረስተውታል። ማበጠሪያዬን ይዤ ግድግዳ ግድግዳ አያለሁ። ሐኪሟ የቅባት ጣሳ ከፍታ ጉንጯን ቀስ እያለች ቀባቻት። ቅባቱን ቀብታ ከጨረሰች በኋላም እጇ ጉንጯ ላይ ቆየ።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄዳ የፊቱን ላንሳው አለችው። አብደሻል እንዴ፣ አስራ አንድ ቀን ቀርጸናል፣ ቸነፈር ተነስቶ ይሄዳል ወይ ብሎ መለሳት። ልክ ነው። አንዴ የተቀረጸ ቁስል አይድንም። ትልቁን ቁስል ሙጫው ቆዳዋን እንዳይነካ ከሥሩ ስስ ጨርቅ አድርጋ ሠራች፤ ከዚያ በላይ የምትችለው ነገር አልነበረም።

ትንሿ በንጹሕ ፊቷ የምትታይበት የቀረላት አንዲት ትዕይንት ብቻ ነበረች። ፊልሙ ሲጀምር፣ ገና በሽታው ሳይገባ፣ የወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆማ እጇ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ወደ ፀሐይ ቀና የምትልበት። የምትቀረጸው በመጨረሻው ቀን ነው። ትንሿ ለእማማ በሩ ላይ ስቆም ጠብቂኝ፣ እኔ እዚያ ነኝ ብላ ነግራቸዋለች፤ እማማም ለሰፈሩ። ያንን ቀን ሐኪሟ አራት ሰዓት ሠራች። የቀላውን ጉንጭ ሸፈነች፣ ከዚያ የሸፈነችበትን ሸፈነች፤ ስትጨርስ ምንም የተቀባች አትመስልም ነበር። ከቁስሉ የበለጠ ሥራ ነው፣ ግን ማን ያየዋል? ለዚያች ትዕይንት ቆቡም ወለቀ፤ አርባ ቀኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ አየ። ቀና ብላ ስትስቅ መብራት የያዙት ሰዎች ሳይቀሩ ቀና ብለው አዩዋት። ዳይሬክተሩ ጥሩ ነው ብሎ ወንበሩን አጠፈ። እጇን የሳመው ለቁስሉ ነበር። ሐኪሟ ይህንንም አየች፣ ዋጠችውም።

ከአምስት ወር በኋላ ፊልሙ ለእኛ ለሠራነው ከነቤተሰባችን አንድ ከሰዓት በኋላ ታየ። እማማ ያወጡትን ቀሚስ ለብሰው መጡ። ቁልፍ ቀራጩም መጣ። እማማ በሁለቱ ልጆቻቸው መሃል ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላቸው። መብራት ጠፋ። ፊልሙ በማንኳኳት ጀመረ፤ ጨለማ፣ በር፣ ከዚያ ያ ፊት፣ ግድግዳ በሚያክል መጋረጃ ላይ። ሰው ጮኸ። እኔ ገና የወፍጮ ቤቱን በር እጠብቃለሁ። ፀሐዩ፣ ዱቄቱ፣ ዊጌ። በግማሽ ሰዓቱ እንዳልመጣ አየሁ። በአንድ ሰዓቱ እንደማይመጣ ገባኝ። ዳይሬክተሩ በኋላ ሲነግረን እንደዚያ ያለ ፊት ካገኘ ወዲያ ንጹሑን ማየት ሰው ያዘናጋል፣ ቆረጥኩት አለ። ያስቆረጠው የሐኪሟ እጅ ነው።

"ትንሿ መቼ ነው የምትወጣው?" አሉ እማማ።

"አሁን እማ፣ ጠብቂ" አለች ትንሿ። ድምጿ ቀጥኗል።

ሐኪሟ አንገቷን ደፍታ ጉልበቷን ነው የምታየው። እማማ ጠበቁ። ቁስል ማየት የማይችሉት ሴትዮ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያንን ሁሉ አዩ። ወደ መጨረሻው የሞቷ ትዕይንት መጣና ካሜራው ቀረበ፤ ከግራ ዓይኗ ሥር እስከ መንጋጋዋ የወረደው ቁስል መጋረጃውን ሞላው። እማማ እጃቸውን ሳያዩ ዘርግተው የታላቅየዋን እጅ ያዙ። ገልብጠው ዳበሱት፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት።

"የአንቺ እጅ ነው" አሉ በዝግታ። "ፎቶውንም እርጥበት አልነበረም የበላው።"

ሐኪሟ እጇን ለመንጠቅ ስትሞክር ትከሻዋ ሲናጥ ከኋላ አየሁ። እማማ አልለቀቋትም። መብራት እስኪበራ እንደያዟት ቆዩ።

ውጭ ስንወጣ ሰው ሁሉ እሷን ከበበ። እጅሽ ይባረክ፣ እንዴት ብትሠሪው ነው፣ እንቅልፍ ነሳሽን። ቁልፍ ቀራጩ ግን ትንሿ ዘንድ ሄዶ፣ ክፋት የሌለው ሰው ነው፣ "አንቺስ የት ጋ ነበርሽ?" አላት። ልጅቷ ፈገግ አለች። ሐኪሟ ሰምታለች። ያን ሁሉ ምስጋና ትታ ወደ ፌርማታው ሄደች።

የፎቶውን ታሪክ በማግስቱ ነገረችኝ። አስራ አንድ ዓመቷ ነበር። እማማ ትንሿን አዝለው ወደ ጎረቤት ሲሄዱ ፎቶውን ከክፈፉ ታወጣና በምራቋ ጣቷን አርጥባ ያንን ጉንጭ ታሸዋለች። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት። ነጭ መሆን ሲጀምር ደነገጠችና ተወችው። እማማ ያዩት ቀን ረጅም ጊዜ ቆመው ከዚያ እርጥበት በላው አሉ፤ እሷም አመለጥኩ ብላ ሃያ ሁለት ዓመት አሳለፈች። "ለእንግዳ ሁሉ ሳይጠይቋት ስትናገር የነበረው ለእኔ ብላ ነው ጋሼ" አለችኝ። ሻይ ቀዳሁላት፤ ጠጣችው።

አንድ ሁላችንም የረሳነው ነገር ነበር። አመሳካሪዋ ያቺን የተቆረጠች ትዕይንትም ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንስታታለች። ካርቶኗን ስንበረብር ዋልንና አገኘነው፤ ወፍጮ ቤቱ በር፣ ዱቄት የነካው እጅ፣ ቀና ያለ ሙሉ ፊት፣ እና ዊጌ። ሐኪሟ አሳጥባ በክፈፍ አስገባችው።

በእሁዱ እኔም ነበርኩ። እማማ ፎቶውን ተቀብለው መስኮቱ ጋ ወሰዱት። አዩት፣ ሳሙት፣ እንደገና አዩት። ይህቺን ልጅ እዩልኝ አሉ ለእኔ። ማን እንዲህ አሳመራት ብለው አልጠየቁም፣ ስለ ዊጉም ያነሳ የለም። የሐኪሟ መንጋጋ ሲጠብቅ አየሁ፤ ነገርኳችሁ እኮ፣ ከሩቅ አውቀዋለሁ። መዶሻ አመጣች፣ ወንበር ላይ ወጣችና የድሮውን ፎቶ ከሚስማሩ ልታወርድ እጇን ሰደደች።

"እሱን አትንኪው" አሉ እማማ።

"የተበላሸ እኮ ነው እማማ። ይኼኛው በቦታው ይሰቀል።"

"ሌላ ሚስማር ምቺ። እሱም የልጄ ሥራ ነው።"

ሐኪሟ ወንበሩ ላይ እንደወጣች፣ መዶሻውን እንደያዘች ቆየች። ከታች ትንሿ ሚስማር ፈልጋ አቀበለቻት።